ከውሃ በታች «ደህና ነኝ»



አማርኛ ተናጋሪ ሰው በቀን ስንት ጊዜ «ደህና ነኝ» እንደሚል ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ወላጆቻችሁ ስልክ ሲያነሱ ልብ ብላችሁ አድምጡ። «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና ናቸው? ሥራስ እንዴት ነው?» ይባላል። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ጥርሳችንን እያመመንም ደህና ነን። የቤት ኪራይ ጎድሎብንም ደህና ነን።

እኔም ይህን ቃል ብዙ ሳላስብበት ሃምሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ቆም ብዬ ያሰብኩበት ባለፈው የካቲት ነው። ያን ዕለት አሜሪካ ውስጥ፣ ታኮማ የምትባል ከተማ አጠገብ፣ 8 ዲግሪ በሆነ የባሕር ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ከላዬ 11 ሜትር ውሃ አለ። ከፊቴ የ20 ዓመት ልጄ አለች። በእጇ ምልክት «ደህና ነህ?» አለችኝ። እኔም በእጄ «ደህና ነኝ» አልኳት።

ደህና ግን አልነበርኩም። ዛሬ የዚያን ቀን ጉዞ ላጫውታችሁ።

የደጋ ሰው ባሕር ውስጥ ምን ይሠራል?

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በብርዷና በብርድ ልብሷ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ውርጭ ማለት ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ስስ በረዶ ነው። ስለዚህ ብርድን አውቀዋለሁ። የማላውቀው ውሃን ነው።

ከተማችን አጠገብ በረሳ የሚባል ወንዝ አለ። ክረምት ሲገባ ይሞላል። እናቴ «ወንዝ ዳር እንዳላይህ!» ትለኝ ነበር። እሷም ዋና አትችልም፤ ጎረቤቶቻችንም አይችሉም። እኔም አሜሪካ የገባሁት ዋና ሳልችል ነው።

ልጄ ግን የተወለደችው ሲያትል ነው። ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት፣ በሁለት ጎኗ ውሃ ያለባት ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ ፒዩጀት ሳውንድ የሚባል ትልቅ የባሕር ወሽመጥ አለ። ወሽመጥ ማለት ወደ መሬት ውስጥ ገባ ያለ ባሕር ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ግዙፍ የበረዶ ግግር መሬቱን ፈልፍሎት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ የባሕር ውሃ ገባበት። አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ከ280 ሜትር ይበልጣል። ጣና ሐይቃችን፣ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው። የፒዩጀት ሳውንድ ውሃ በበጋም ቢሆን ይቀዘቅዛል።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ስኩባ ተማረች። ስኩባ የሚባለው አየር የተሞላ ሲሊንደር ጀርባ ላይ አዝሎ፣ በአፍ እየተነፈሱ ከውሃ በታች መዋኘት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጠላቂ ይባላል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ «አባዬ፣ አንተም ተማር» አለችኝ። በእርግጥ ያለችው በእንግሊዝኛ ነው። ቤታችን እንዲህ ነው፤ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የብዙዎቻችሁም ቤት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ልጄ አድጋለች፤ የራሷ ጓደኞች፣ የራሷ ዓለም አላት። ወደዚያ ዓለም ግባ ብላ ስትጋብዘኝ እምቢ ብል፣ ሌላ ጊዜ ትጋብዘኝ ይሆን?

በ48 ዓመቴ ዋና ጀመርኩ። አብረውኝ የሚማሩት የስድስት ዓመት ልጆች ነበሩ። አንዱ «ትልቅ ሆነህ ለምን አትችልም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ከብዙ ወራት በኋላ ለስኩባ ኮርስ የሚጠየቀውን 200 ሜትር ዋኘሁ፤ ሳልሰምጥ 10 ደቂቃም ተንሳፈፍኩ። ከዚያ ኮርሱን ጨረስኩ። ያን ዕለት ታኮማ ስንሄድ ከልጄ ጋር 11 ጊዜ ጠልቄ ነበር። እሷ ግን ከመቶ ጊዜ በላይ ጠልቃለች።

ቡናና ዳቦ ቆሎ በጀልባ ላይ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደቡ ደረስን። ካፊያ አለ። ያቺ ጀልባ የኪራይ ጀልባ ናት። ጠላቂዎች ገንዘብ አዋጥተው ከነካፒቴኗ ለቀኑ ይከራዩአታል። ተሳፋሪዎች ስድስት ነን፤ ልጄና እኔ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ አብረው የሚሠሩ ሁለት ነርሶች። ካፒቴኗ ጠና ያለች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት።

ባለቤቴ ቡና በፔርሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል አድርጋ ሰጥታን ነበር። ዳቦ ቆሎውን ለሁሉም አዞርኩ። አንደኛው ነርስ አንድ ፍሬ ቀምሶ መዳፉን እንደገና ዘረጋ። እኛ አገር ለመንገድ ስንቅ የሚሆነው ዳቦ ቆሎ ነው፤ አይሻግትም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ለጀልባም ተስማሚ መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ካፒቴኗ ሁላችንንም ሰብስባ ስለ ውሃው ነገረችን። ፒዩጀት ሳውንድ ውስጥ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላና ሲጎድል ውሃው እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ጠባብ ቦታ ላይ ፍሰቱ ከማንኛውም ዋናተኛ ጉልበት ይበልጣል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ግን ውሃው ለጥቂት ጊዜ ያርፋል። ጠላቂ የሚገባው ያን ጊዜ ጠብቆ ነው። ሰዓቱ አስቀድሞ ተሰልቶ በሰንጠረዥ ይወጣል።

በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «ማንኛውም ጠላቂ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ምክንያት መጥለቁን ማቆም ይችላል። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም።»

ይህ የእሷ ብቻ ሕግ አይደለም። ጠላቂዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። እኔም ኮርሱ ላይ ሰምቼዋለሁ። መስማትና መቀበል ግን ይለያያሉ።

ጀልባዋ ከወደቡ ወጥታ ወደ ምዕራብ ስትታጠፍ በስተ ደቡብ ሁለት ረጃጅም ድልድዮች ታዩን። የታኮማ ናሮውስ ድልድዮች ናቸው። እዚያ ቦታ የመጀመሪያው ድልድይ የተከፈተው በሐምሌ 1940 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነፋስ ሲነካው ይወዛወዝ ስለነበር ሰዎች ቅጽል ስም አወጡለት። አራት ወር ብቻ አገለገለ። ኅዳር 7 ቀን 1940 በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ እንደ ገመድ እያጠማዘዘ ጣለው። ሰው አልሞተም፤ መኪና ውስጥ የቀረ አንድ ውሻ ግን አብሮ ወደቀ። የድልድዩ ስብርባሪ እስከ ዛሬ እዚያው ባሕሩ ሥር ነው። ከ1992 ጀምሮ በአገሪቱ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ብረቱ የዓሣና የኦክቶፐስ ቤት ሆኗል።

«ሲወዛወዝ እያዩ ለምን አልዘጉትም?» አልኳት ልጄን።

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ደህና ነው ብለው ይሆናላ» አለች በእንግሊዝኛ።

ብርድ ልብስ እንዴት ያሞቃል?

ቀዝቃዛ ውሃ ከቀዝቃዛ አየር የተለየ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይወስዳል። ስለዚህ በ8 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሰው ተራ የዋና ልብስ ለብሶ ብዙ አይቆይም። መጀመሪያ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ቀጥሎ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቆይቶ ደግሞ ማሰብ ያቅተዋል። አደገኛው ይኼ ነው። የበረደው ሰው መጥፎ ውሳኔ እየወሰነ መሆኑን ራሱ አያውቅም።

ለዚህ ነው ድራይ ሱት የሚለበሰው። ቃሉ «ደረቅ ልብስ» ማለት ነው። ከአንገት እስከ እግር ጣት ውሃ የማያስገባ አንድ ወጥ ልብስ ሲሆን፣ ከውስጡ ወፍራም የሙቀት ልብስ ይለበሳል። አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ስስ ጎማ አለው፤ ጎማው ቆዳ ላይ ጥብቅ ብሎ ውሃ ይከለክላል።

ልጄ ስታስረዳኝ «የሚያሞቅህ ልብሱ አይደለም፤ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ነው» አለችኝ። ይህንንማ አውቃለሁ! የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ብርድ ልብስ ራሱ እሳት የለውም። ሱፉ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ አየሩ ደግሞ የገላችንን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ብርድ ልብስ ከራሰ ግን አየሩ ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፤ ያን ጊዜ ብርድ ልብሱ ሸክም ብቻ ይሆናል።

ሲሊንደሩ፣ ልብሱና ወገብ ላይ የሚታሰረው እርሳስ ተደምሮ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። እርሳሱ የሚታሰረው ልብሱ ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ ስለሚያንሳፍፍ ነው። ጀልባው ላይ እንደ ሽማግሌ እየተንገዳገድኩ ሄድኩ። ልጄ የአንገቴን ጎማ በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰች። ከሥሩ ፀጉር ወይም ጨርቅ ከገባ ውሃ ያስገባል። «ጥሩ ነው» አለችኝ።

የእጅ ቋንቋ

ከውሃ በታች አማርኛም እንግሊዝኛም የለም። አፋችን ውስጥ አየር የምናገኝበት ሬጉሌተር አለ። ስለዚህ ጠላቂዎች በእጃቸው ይነጋገራሉ።

አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተገናኝተው ክብ ሲሠሩ «ደህና ነኝ» ወይም «ደህና ነህ?» ማለት ነው። መዳፍን ዘርግቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ «ችግር አለ» ማለት ነው። ራስን ማቀፍ «በረደኝ» ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቆም ግን «ጎበዝ» ማለት አይደለም፤ «ወደ ላይ እንውጣ» ነው። ይህ ምልክት ክርክር የለውም። አንዱ አውራ ጣቱን ካቆመ ሌላውም አቁሞ ይመልሳል፤ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ።

እኔና ልጄ መሬት ላይ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። እሷ የኔ ተረትና ምሳሌ አይገባትም፤ እኔ የእሷ ቀልድ አይገባኝም። ውሃ ውስጥ ግን አሥር የማይሞሉ ምልክቶች አሉን፤ ሁለታችንም እኩል እናውቃቸዋለን። ለዚህም ነው ውሃውን እየፈራሁ የወደድኩት።

አዛውንቶቹ ዓሦች

መጀመሪያ የጠለቅነው ሰንራይዝ ቢች የሚባል ቦታ ነው። ከጀልባው ጠርዝ ዘለልን። ፊቴ ብቻ ለውሃው የተጋለጠ ነው፤ ብርዱ ግንባሬን እንደ ጥፊ መታኝ። ከዚያ ቀስ ብለን ወረድን። ስንወርድ አፍንጫዬን ይዤ በቀስታ ወደ ጆሮዬ አየር እገፋለሁ፤ አለበለዚያ ጆሮ ያማል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ነው። ልብሱ ገላዬን ሲጨምቀኝ ደረቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኜ ትንሽ አየር ጨመርኩበት።

ውሃው አረንጓዴ ነው። ጥልቀት ሲጨምር ቀይ ቀለም ቀድሞ ይጠፋል፤ ሁሉም ነገር ግራጫ ይመስላል። ልጄ ባትሪዋን ስታበራ ግን ድንጋዩ ሁሉ ቀለም አወጣ። ቀይ፣ ብርቱካንማና ሐምራዊ የባሕር ኮከቦች ተለጥፈውበታል። አኒሞኒ የሚባሉ ነጭ የባሕር እንስሳት እንደ አበባ ቆመዋል። እንስሳ መሆናቸውን ካልተነገራችሁ የአበባ ማሳ ነው የምትሉት።

ልጄ ወደ አንድ ስንጥቅ ብርሃኗን አሳየች። ወደ ውስጥ ሳይ አንድ ፊት አየኝ። የተሸበሸበ፣ ከንፈሩ የወፈረ፣ የተቆጣ ሽማግሌ ፊት! ዎልፍ ኢል ይባላል። ዓሣ ነው። መንጋጋው ሸርጣን ይሰብራል፤ ጠላቂን ግን ካልነኩት አይነካም። ከጎኑ ሌላ ፊት ብቅ አለ፤ ግራጫው ወንዱ፣ ቡናማዋ ሴቷ ናት። እነዚህ ዓሦች ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆነው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ይኖራሉ። እንቁላል ሲጥሉ ሁለቱም ይጠቀለሉበታል፣ ሁለቱም ይጠብቁታል።

ልጄ ወደ ዓሦቹ ጠቆመች፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመች፤ ከዚያ በጣቷ የቀለበት ምልክት አሳየች። «አንተና እማዬ» ማለቷ ነው። ሬጉሌተሬ ውስጥ ስቄ ማስኬ ውሃ ገባበት።

11 ሜትር ላይ

ሁለተኛው ቦታ የተመረጠው ለልጄ ነው። ወደ ታኮማ ስንመለስ ባሕሩ ሥር የድንጋይ ክምር አለ። እዚያ አንዲት ትልቅ የፓስፊክ ኦክቶፐስ እንቁላሎቿን ታቅፋ እንደምትኖር ካፒቴኗ ለልጄ ነግራታለች።

ይህች እንስሳ የሚያስደንቅ ፍጥረት ናት። ሦስት ልብ አላት። ደሟ ሰማያዊ ነው፤ ምክንያቱም እንደ እኛ ደም በብረት ሳይሆን በመዳብ ኦክስጅን ይሸከማል። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ለስድስት ወር ያህል ጉድጓዷን አትለቅም። ንጹሕ ውሃ ትነፋባቸዋለች፣ ታጸዳቸዋለች፤ ራሷ ግን አትበላም። ልጆቿ ሲፈለፈሉ እሷ ትሞታለች። የአካባቢው ሰው ይወዳታል። በ2012 ሲያትል ውስጥ አንድ ጠላቂ አንዷን አድኖ ሲወጣ ሕጉ ባይከለክለውም ብዙ ሰው ተቆጣ። በሚቀጥለው ዓመት ጠላቂዎች በሚያዘወትሯቸው ሰባት ቦታዎች ላይ ኦክቶፐስ ማደን ተከለከለ።

ልጄ እንቁላል የታቀፈች ኦክቶፐስ አይታ አታውቅም። ሁለት ዓመት ፈልጋለች። ያንን ጉዞ የያዘችውም ለዚህ ነው።

በእረፍቱ ቡናችንን ጠጥተን እንደገና ስንለብስ፣ ልጄ የአንገቴን ጎማ ልታይ እጇን ዘረጋች። ሌሎቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። «ተይው፣ አውቃለሁ» አልኳት።

ገባን። አምስት ሜትር ላይ አንገቴ ሥር ቀጭን ነገር ሲወርድ ተሰማኝ፤ እንደ በረዶ ክር። የሙቀት ልብሴ ኮሌታ ከጎማው ሥር ገብቶ ኖሯል። ጨርቁ ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር እየሳበ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቀላል ነው ብዬ መውረዴን ቀጠልኩ። ስምንት ሜትር ላይ ደረቴ ራሰ። 11 ሜትር ላይ ግራ እጄ እስከ ክርን ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር።

ልጄ ዞራ ጠየቀችኝ። ጣቶቼን ክብ አድርጌ «ደህና ነኝ» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አንደኛ፣ ኦክቶፐሷ ቅርብ ናት፤ የልጄን ቀን አላበላሽም አልኩ። ሁለተኛ፣ እኔ አባት ነኝ። አባት ለልጁ «ፈራሁ፣ በረደኝ» ይላል እንዴ? ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉም ይቀላል። «ደህና ነህ?» ሲባል ሌላ መልስ አልለመድኩም።

ልጄ ትንሽ ሄዳ እንደገና ዞረች። ከአፌ የሚወጣውን የአየር አረፋ ተመለከተች። ቶሎ ቶሎ እተነፍስ ነበር። የአየር መለኪያዬን አንስታ አነበበች። እንደገና ጠየቀችኝ። እንደገና «ደህና ነኝ» አልኩ፤ ነገር ግን የደነዘዙት ጣቶቼ ክቡን መግጠም አቃታቸው።

አውራ ጣቷን ወደ ላይ አቆመች።

ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ፊት ጠቆምኩ፤ «ኦክቶፐሷስ?» ማለቴ ነው። አውራ ጣቷን ዓይኔ ፊት አምጥታ እንደገና አቆመች። ያን ጊዜ ዓይኖቿን በማስኩ ውስጥ አየኋቸው። የምታባብለኝ ልጅ አልነበረችም። ሕግ የምታውቅ ጠላቂ ነበረች። እኔም አውራ ጣቴን አቆምኩ።

እጄን ይዛ ቀስ ብላ አወጣችኝ። በፍጥነት መውጣት አደጋ አለው፤ ትንፋሽ መያዝም እንዲሁ፤ አየሩ ሳንባ ውስጥ ይሰፋልና። አምስት ሜትር ላይ የመልሕቁን ገመድ ይዘን ሦስት ደቂቃ ቆምን። ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄ ክንዷን በክንዴ አቆላልፋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

«አያቴም ደህና ናት ብለኸኝ ነበር»

ጀልባው ላይ ልብሱን ስናወልቅ ውስጡ የገባው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ካፒቴኗ ኮፍያና ብርድ ልብስ አመጣች። እንዳለችውም ለምን ወጣችሁ ብላ አልጠየቀችም። የቀረውን ቡና ልጄ ቀድታ በሁለት እጄ አስያዘችኝ።

ሌሎቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደስ ብሏቸው ወጡ። ኦክቶፐሷን አይተዋል። ነርሷ ካሜራዋን ለልጄ አሳየቻት። እንቁላሎቹ እንደ ነጭ የወይን ዘለላ ከድንጋዩ ጣሪያ ተንጠልጥለዋል፤ እናትየዋ በክንዶቿ ከልላቸዋለች። ልጄ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ያምራል» ብላ መለሰችላት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ቀንሽን አበላሸሁብሽ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠች፣ «አባዬ፣ አያቴም ደህና ናት ብለኸኝ ነበር» አለችኝ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና ታመመች። ስደውልላት «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ትለኝ ነበር። እህቴም «ደህና ናት» ትለኝ ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም። በሰው አገር ብቻውን አይደንግጥ ብለው ነው። ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነው። አያቷን በስልክ ትወዳት ነበር። ድምፅዋ ለምን ደከመ ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔም የሰማሁትን ነገርኳት፤ «ደህና ናት»። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ጓደኞቼ በሬን አንኳኩ። በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ በስደት የኖረ ሁሉ ያውቃል። መርዶ ነበር። መርዶ ማለት የሞት ዜና ነው። እናቴን ሳልሰናበታት ቀረሁ። ልጄም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት እኔ የተከዳሁ ይመስለኝ ነበር። ልጄንም እኔው እንደከዳኋት አላሰብኩም።

«እውነትሽን ነው» አልኳት።

«ውሃ ውስጥ ደህና ነኝ ካልከኝ አምንሃለሁ» አለች፤ አሁን ግማሹ እንግሊዝኛ ሆነ። «ካመንኩህ ደግሞ ይዤህ እወርዳለሁ። ስለዚህ እውነቱን ንገረኝ።»

ብርድ ልብሱን ወደ አንገቴ ሳብኩት። ታኮማ እስክንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም፤ ዳቦ ቆሎውን ግን ጨረስነው።

ከዚያ ወዲህ

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ፣ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ደወለች። እንደ ልማዷ «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለች። እኔም እንደ ልማዴ «ደህና» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

«ጉልበቴን ያመኛል» አልኳት። «ሥራ ቦታም ሰው ሊቀንሱ ነው እየተባለ ነው። ትንሽ ሰግቻለሁ።»

ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ደህና አይደለሁም» አለች። አንድ ትምህርት እየወደቀች እንደሆነ፣ ለወር ያህል እንቅልፍ እንዳጣች ነገረችኝ። በየሳምንቱ እንነጋገር ነበር። በየሳምንቱ ደህና ነበረች። ያን ዕለት አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ችግሩ በስልክ አልተፈታም፤ ሰኞ ግን አማካሪዋ ዘንድ ሄደች፣ እኔም ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ።

ሰላምታችንን የምጠላ አይምሰላችሁ። «ደህና ነኝ» ማለት መልካም ቃል ነው። መንገድ ላይ ለምናገኘው ሁሉ ሆዳችንን አንዘረግፍም። ነገር ግን አብሮን ለሚጠልቅ ሰው ቃሉ እውነት መሆን አለበት። አብሮን የሚጠልቀው ሰው ሁልጊዜ ጠላቂ አይደለም፤ እናት ሊሆን ይችላል፣ ወንድም ሊሆን ይችላል፣ የክፍል ጓደኛ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሳምንት ለወላጆቻችሁ ወይም ለአያቶቻችሁ ስትደውሉ አንድ ነገር ሞክሩ። «ደህና ነህ?» ወይም «ደህና ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ደህና» ሲሏችሁ ስልኩን ለመዝጋት አትቸኩሉ። «እውነት ደህና ናችሁ?» ብላችሁ ጨምሩ። ከዚያ የእናንተንም ንገሯቸው። አማርኛችሁ ቢሰናከል ግድ የለም። የልጄም ይሰናከላል፤ እኔ ግን ሰምቻታለሁ።

ኦክቶፐሷ እስከ አሁን ሳትሞት አትቀርም፤ ልጆቿም ወደ ባሕሩ ወጥተዋል። እኔና ልጄ ለሚመጣው ክረምት ሌላ ጉዞ ይዘናል። የአንገቴን ጎማ እሷ ታየዋለች፤ የእሷን ደግሞ እኔ።